ፕሮግራምን በንባብም በማዳመጥም የመረመረው አለን ቱሪንግ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 24/1949 በእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ፕሮግራሙን በራሱ ማስታወሻ ይዞ የሚሠራ ኮምፒውተር በዚያን ጊዜ በመላው ዓለም በጣት የሚቆጠር ነው። ኤድሳክ የተባለው የካምብሪጁ ማሽን ራሱ የመጀመሪያ ሥራውን ካከናወነ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር።

በዚህ ጉባኤ ላይ አለን ማቲሰን ቱሪንግ 37 ዓመት በሞላው ማግሥት አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረበ። የተነሣበት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ አንድ ሰው ረጅም ፕሮግራም ጽፎ ሲጨርስ ትክክል መሆኑን በምን ያረጋግጣል?

ጥያቄው ከ70 ዓመታት በኋላም አላረጀም። ዛሬ ሶፍትዌር የሚሠሩ ቡድኖች ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን በሁለት መንገዶች መካከል ያከፋፍላሉ። አንደኛው ፕሮግራሙን ሳያስኬዱ ኮዱን መስመር በመስመር የሚመረምረው ስታቲክ ትንተና ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በተጠቃሚው እጅ ገብቶ ሲሠራ ስላጋጠመው ሁሉ ለሠሪዎቹ ወሬ የሚልከው ቴሌሜትሪ ነው።

ቱሪንግ እነዚህን ስሞች አያውቃቸውም። ነገር ግን በ41 ዓመት ዕድሜው የመጀመሪያውን መንገድ ጠርጓል፤ መንገዱ የት ላይ እንደሚያበቃም አሳይቷል። ለሁለተኛው መነሻ የሚሆን ሥራም አሠርቷል።

በብስክሌት የመጣው ተማሪ

ቱሪንግ የተወለደው ጁን 23/1912 በለንደን ነው። አባቱ ጁሊየስ ቱሪንግ በቅኝ ግዛቷ ሕንድ የብሪታኒያ አስተዳደር ባለሥልጣን ነበሩ። ወላጆቹ ወደ ሕንድ በተመለሱባቸው ዓመታት እሱና ታላቅ ወንድሙ ጆን በእንግሊዝ ደቡባዊ የባሕር ጠረፍ፣ በአንድ ጡረተኛ የጦር መኮንን ቤት በአደራ አደጉ።

በ1926 ሸርቦርን ወደተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን በመላ አገሪቱ የሥራ ማቆም አድማ ተመትቶ ባቡሮች ቆሙ። የ13 ዓመቱ ልጅ ግን ከሳውዝሃምፕተን ወደብ በብስክሌት ተነሣ። መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ትምህርት ቤቱ ደረሰ።

በዚያ ትምህርት ቤት ክሪስቶፈር ሞርኮም ከተባለ ተማሪ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት መሠረተ። ሁለቱን ያገናኛቸው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ፍቅር ነበር። ሞርኮም በ1930 መጀመሪያ በሳንባ ነቀርሳ ዓይነት በሽታ ሞተ። ሐዘኑ በቱሪንግ ልብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆየ። የሰው አእምሮ ከቁስ አካል ጋር ያለው ግንኙነት ምን እንደሆነ ደጋግሞ እንዲያስብም አነሣሣው።

በ1931 ካምብሪጅ በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ሒሳብ ማጥናት ጀመረ። በ22 ዓመቱም የኮሌጁ የምርምር አባል ሆኖ ተመረጠ።

ሁሉን የሚፈርድ መርማሪ የለም

በ1935 ቱሪንግ የማክስ ኒውማንን ትምህርት ይከታተል ነበር። ኒውማን ለተማሪዎቻቸው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዴቪድ ሂልበርት ያነሡትን ጥያቄ አስረዱ። ጥያቄው ማንኛውም የሒሳብ ዓረፍተ ነገር ሲቀርብለት፣ የሚረጋገጥ መሆን አለመሆኑን በተወሰነ ሥርዓት የሚፈርድ ዘዴ ይኖር እንደሆነ የሚጠይቅ ነው።

ቱሪንግ ምላሹን በ1936 ይዞ መጣ። በመጀመሪያ ረጅም ወረቀት ላይ ምልክት እያነበበና እየጻፈ በተሰጠው ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ምናባዊ ማሽን ነደፈ። ከዚያ የሌሎችን ማሽኖች ትእዛዝ ተቀብሎ የእነሱን ሥራ መሥራት የሚችል አንድ ማሽን ሊኖር እንደሚችል አሳየ። በመጨረሻም ማሽኖች ፈጽሞ ሊመልሱት የማይችሉት ጥያቄ መኖሩን አረጋገጠ። አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በዚያው ዓመት ቀደም ብለው በሌላ መንገድ ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደርሰው ነበር።

ሐሳቡ ዛሬ ለተማሪዎች የሚሰጠው በሚከተለው መልክ ነው። የማንኛውንም ፕሮግራም ኮድ አንብቦ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል ወይም ለዘላለም ይሽከረከራል ብሎ የሚፈርድ መርማሪ አለ እንበል። መርማሪውን በሆዱ የያዘ ሌላ ፕሮግራም ይሠራ፤ ስለ ራሱም ይጠይቀው። መርማሪው ይቆማል ካለ ፕሮግራሙ ሳያቆም ይቀጥል፤ አይቆምም ካለ ወዲያው ያቁም። መርማሪው የትኛውንም ቢፈርድ ይሳሳታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሁሉን አዋቂ መርማሪ ሊኖር አይችልም።

በ1953 አሜሪካዊው ሄንሪ ጎርደን ራይስ ይህንን አሰፋው። ስለ ማንኛውም ፕሮግራም ጠባይ የሚነሡ ጠቃሚ ጥያቄዎችን ሁሉ፣ ኮዱን በማንበብ ብቻ ያለ ስህተት የሚመልስ አንድ ዘዴ የለም። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ማንኛውም ኮድ መርማሪ መሣሪያ ይህ ሕግ ያስረዋል። ወይ በሌለ ስህተት ያስደነግጣል፣ ወይ ያለውን ስህተት ያሳልፋል፣ ወይም አንዳንድ ጊዜ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል።

ብሌችሊ ፓርክ

ቱሪንግ በአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ በ1938 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ብሪታኒያ በናዚ ጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግሥት፣ ሴፕቴምበር 4/1939፣ ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ብሌችሊ ፓርክ ለሥራ ሪፖርት አደረገ።

ሥራው ኢኒግማ በተባለው ማሽን የተመሰጠሩ የጀርመን ወታደራዊ መልዕክቶችን መፍታት ነበር። የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት ከጦርነቱ በፊት ከባዱን ጅምር ሠርተው ዕውቀታቸውን ለብሪታኒያ አስረክበዋል። ቱሪንግ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ቦምብ የሚል ስም የተሰጠውን የኤሌክትሪክ መፍቻ ማሽን ነደፈ። ጎርደን ዌልችማን የተባለው ባልደረባውም አቅሙን የሚያሳድግ ማሻሻያ ጨመረበት። የመጀመሪያው ማሽን በማርች 1940 ተተከለ።

የአሠራሩ ጥበብ መገመትና መሞከርን ማጣመሩ ነው። ባለሙያዎቹ በመልዕክቱ ውስጥ ይኖራል ብለው የሚገምቱትን ቃል፣ ለምሳሌ የተለመደ የአየር ሁኔታ ዘገባን፣ መነሻ ያደርጉታል። ማሽኑ ከግምቱ ጋር የሚጋጩ የቁልፍ አቀማመጦችን እያስወገደ ይሄዳል። የማይጋጭ ሲያገኝ ይቆማል፤ ያ አቀማመጥ ግን እውነተኛው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በሌላ ማሽን ተሞክሮ ትርጉም ያለው የጀርመንኛ ጽሑፍ መውጣቱ ይታያል። ምክንያታዊ ማጥራት ጥርጣሬውን ያጠብበዋል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ሙከራው ነበር።

ቱሪንግ በተለይ የጀርመንን የባሕር ኃይል ምስጢር በሚከታተለው ስምንተኛው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። የዚህ ክፍል ውጤት በአትላንቲክ ውቅያኖስ የጭነት መርከቦች የጀርመን ባሕር ሰርጓጆችን እንዲሸሹ ረድቷል። ሥራው እጅግ ምስጢራዊ ስለነበር በ1946 የንጉሡ መንግሥት ሜዳይ ሲሸልመው ምክንያቱ ለሕዝብ አልተነገረም።

ስህተትን በብዕር የማደን ዘዴ

ከጦርነቱ በኋላ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ኤሲኢ የተባለ ኮምፒውተር ንድፍ አወጣ። ግንባታው ሲጓተት በ1948 ኒውማን ወደሚመሩት የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ክፍል ተዛወረ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ፍሬድሪክ ዊሊያምስ፣ ቶም ኪልበርንና ጄፍ ቱትሂል የሠሩት አነስተኛ ማሽን፣ ፕሮግራምን በኤሌክትሮኒክ ማስታወሻው ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቶ ነበር።

እንዲህ ያሉ ማሽኖች መሥራት ሲጀምሩ ያልታሰበ ችግር ብቅ አለ። ሰዎች የጻፏቸው ትእዛዞች በስህተት የተሞሉ ነበሩ። ስህተቱን ፍለጋ ፕሮግራሙን ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይፈጅ ጀመር። የካምብሪጁ ጉባኤ ጽሑፍ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ቱሪንግ ነገሩን በተራ የመደመር ስሌት አስረዳ። አምስት ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮች ተደምረው ውጤቱ ብቻ ቢሰጥ፣ አራሚው ሁሉንም እንደገና መደመር አለበት። ከእያንዳንዱ ዓምድ ወደሚቀጥለው የተሻገረው ቁጥር አብሮ ከተጻፈ ግን፣ ዓምዶቹን ለየብቻ ማረም ይቻላል። ሥራው ለብዙ ሰዎችም ሊከፋፈል ይችላል።

ለፕሮግራምም እንዲሁ ይደረግ አለ። ጸሐፊው በፕሮግራሙ ዋና ዋና መጋጠሚያዎች ላይ፣ በዚያ ቦታ እውነት መሆን ያለበትን ነገር ይጻፍ። አራሚው ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ሌላው ያለው እርምጃ ያንን እውነት መጠበቁን ብቻ ይመርምር። እንደ ምሳሌ የወሰደው ማባዛት የማያውቅ ማሽን በመደመር ብቻ እየታገዘ ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉትን ሁሉ የሚያባዛበትን ስሌት ነው። ለ5 ቢሰላ ውጤቱ 120 ይሆናል።

ፕሮግራሙ እንደሚቆም ማረጋገጥም ሌላው የአራሚው ተግባር ነው። ለዚህ ጸሐፊው በእያንዳንዱ ዙር እየቀነሰ ሄዶ የሚያልቅ አንድ መጠን እንዲያሳይ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ከ1936ቱ ግኝት ጋር አይጋጭም። ለሁሉም ፕሮግራም የሚያገለግል አንድ ፈራጅ የለም፤ አንድን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ግን የራሱ ሥራ ለምን እንደሚቆም ማስረጃ ሊሰጥ ይችላል። ቱሪንግ የማይቻለውን ካወቀ በኋላ የሚቻለውን ፈለገ።

ማሽኑን ማዳመጥ

በ1951 መጀመሪያ ፌራንቲ የተባለው ኩባንያ የሠራው ትልቅ ኮምፒውተር ማንቸስተር ገባ። የፕሮግራም አጻጻፍ መመሪያውን ያዘጋጀው ቱሪንግ ነው። ማሽኑ ከቁጥር ማስያነቱ ሌላ ድምፅ ማሰሚያም ነበረው። ቱሪንግ በመመሪያው ውስጥ የተለያየ ቃና ያላቸውን ድምፆች እንዴት ማሰማት እንደሚቻል አብራርቷል። ድምፁ ሥራ ማለቁን ወይም የሆነ ነገር መከሰቱን ለባለሙያው ይነግረዋል። በማስታወሻው ውስጥ ያለውንም በስክሪን ላይ በነጥቦች መልክ ማየት ይቻል ነበር። ማሽኑ እየሠራ ስለ ራሱ ለሰዎች የሚናገርበት ልሳን ይህ ነበር።

በዚያው ዓመት ክሪስቶፈር ስትራቺ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ማንቸስተርን ጎበኘ። ቱሪንግ አንድ የቤት ሥራ ሰጠው፦ ማሽኑ ራሱን እንዲያስመስል የሚያደርግ ፕሮግራም እንዲጽፍ። ዓላማው አንድን ፕሮግራም እርምጃ በእርምጃ እያስኬዱ ምን እንደሚያደርግ መከታተል ነበር። ስትራቺ ከ1000 በላይ ትእዛዞች ያሉት ፕሮግራም ይዞ ተመለሰ። ይህ እስከዚያ ጊዜ ለማሽኑ ከተጻፉት ሁሉ ረጅሙ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራበት አድሮ ማለዳ ላይ ፕሮግራሙ ሥራውን ፈጸመ፤ ሲያበቃም በድምፅ ማሰሚያው የብሪታኒያን ብሔራዊ መዝሙር አሰማ።

በዚሁ ዓመት ቢቢሲ የማሽኑን ዜማዎች ቀረጸ። በቀረጻው መካከል ማሽኑ ሲበላሽና በዙሪያው ያሉ ሰዎች ሲስቁ ይሰማል። ቅጂው በ2016 በኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ታድሶ ዛሬም ይደመጣል። ቱሪንግ ራሱ በ1951 በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርቦ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ማሰብ ተናግሮ ነበር። የማሽኑ ድምፅ ተጠብቆ ሲቆይ የእሱ ድምፅ ቅጂ ግን አልተገኘም።

ክስና ሞት

በጃንዋሪ 1952 የቱሪንግ ቤት ተሰረቀ። ጉዳዩን ለፖሊስ አመለከተ። በምርመራው መካከል ከአንድ ወንድ ጋር ግንኙነት እንደነበረው ገለጸ። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወቅቱ በብሪታኒያ ወንጀል ነበር። ስርቆትን ለማስረዳት የተሰጠ መረጃ በሰጪው ላይ ማስረጃ ሆነ።

በማርች 31/1952 ጥፋተኛ ተባለ። ከእስራትና ለአንድ ዓመት ሆርሞን ከመውሰድ አንዱን እንዲመርጥ ተነገረው፤ ሆርሞኑን መረጠ። በመንግሥት ምስጢራዊ ሥራዎች ላይ እንዳይሳተፍም ታገደ። ቢሆንም ምርምሩን አላቋረጠም። በዚያው ዓመት በእንስሳት አካል ላይ ነጠብጣቦችና መስመሮች እንዴት ሊፈጠሩ እንደሚችሉ በሒሳብ የሚያስረዳ ሥራ አሳተመ።

ቱሪንግ ጁን 7/1954 ዊልምስሎው በሚገኘው ቤቱ በሳያናይድ መርዝ ሞተ። አስከሬኑን በማግሥቱ ያገኘችው የቤት ሠራተኛው ናት። የሞት መርማሪው ራሱን እንዳጠፋ ደመደመ። እናቱ ግን በቤት ውስጥ ያደርገው በነበረ የኬሚካል ሙከራ የደረሰ አደጋ ነው ብለው እስከ መጨረሻው ያምኑ ነበር። የብሪታኒያ መንግሥት በ2009 ለደረሰበት በደል ይቅርታ ጠየቀ። በ2013 የንግሥቲቱ ምሕረት ተሰጠው፤ ከ2021 ጀምሮም ምስሉ በ50 ፓውንድ ኖት ላይ ወጥቷል።

የተረሳው ጽሑፍና የዛሬው ምርጫ

የ1949ኙ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኘም። ሮበርት ፍሎይድ በ1967፣ ቶኒ ሆር በ1969 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበው የዘርፉን መሠረት ጣሉ። የቱሪንግ ጽሑፍ እንደገና የታተመው በ1984 ነው። የጉባኤው ቅጂ በኅትመት ግድፈቶች የተሞላ ስለነበር ሁለት ምሁራን መስመር በመስመር አንብበው አቃኑት። ስህተትን ስለማረም የተጻፈው ጽሑፍ ራሱ አራሚ ፈልጎ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች የሚያስከፍሉት ዋጋ ከዚያ ወዲህ በአደባባይ ታይቷል። ጁን 4/1996 የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት አሪያን 5 ሮኬት ከተተኮሰ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ፈነዳ። ከቀድሞው አሪያን 4 የተወሰደ ኮድ፣ አንድን ትልቅ ቁጥር ለእሱ በማይበቃ ቦታ ለመክተት ሲሞክር ከሽፎ ነበር። የአደጋውን መንስኤ ለማወቅ የረዳው ከሮኬቱ የተላከው ቴሌሜትሪ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መሐንዲሶች ተመሳሳይ ስህተት እንዳይደገም ኮዱን ሳያስኬዱ በሚመረምር መሣሪያ ፈተሹት። እንዲህ ያለው ስህተት መሬት ላይ በንባብ ሊገኝ የሚችል ነው።

ኢትዮጵያውያን የሚያስታውሱት አደጋ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ማርች 10/2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተገጠመው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ከአንድ ዳሳሽ በደረሰው የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቶ ነበር። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ነው የሠራው፤ ጥፋቱ ያለው በአንድ ዳሳሽ ብቻ እንዲተማመን በመታዘዙ ነው። ኮድ ብቻ የሚያነብ መርማሪ ይህን አያይም።

በኦክቶበር 29/2018 የ189 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አደጋ የበረራ መረጃ ምልክቱን አስቀድሞ ሰጥቶ ነበር። ያም ሆኖ አውሮፕላኑ መብረር ቀጠለ። በዓለም ዙሪያ የታገደው ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ ነው። ከሥራ ላይ የሚመጣ መረጃ የሚጠቅመው ሰምቶ በጊዜ የሚወስን ሲኖር ብቻ ነው።

በትንሹም ሥራ ምርጫው ይኸው ነው። ጁባ ውስጥ እንደ ኒምራ ታላታ ባለ ሰፈር ወይም አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ ወጣት፣ ኮዱን ኢንተርኔት በሌለበትም በራሱ ኮምፒውተር መመርመር ይችላል። ገንዘብ የሚያስተላልፍ ወይም የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ከሆነ፣ ከተሳሳተ በኋላ ማረም ለተጎጂው አይደርስለትም። ስለዚህ ምርመራው ከሁሉ ይቀድማል።

ፕሮግራሙ በአሮጌ ስልኮች፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና መብራት በሚጠፋበት ቦታ ምን እንደሚገጥመው ግን ኮዱ ላይ አልተጻፈም። ያንን የሚነግረው ቴሌሜትሪ ነው። ይሁንና መረጃው የሚላከው በተጠቃሚው የኢንተርኔት ወጪ ነው፤ ስለ ተጠቃሚውም ይናገራል። ስለዚህ ፈቃዱን መጠየቅ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ መሰብሰብና ለሌላ ጉዳይ አለማዋል የሠሪው ግዴታ ነው።

ቱሪንግ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን አልተወም። በ1949 ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለሥራቸው ትክክለኛነት አስቀድመው ማስረጃ እንዲያስቀምጡ ጠየቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የሚሠራን ፕሮግራም እርምጃ በእርምጃ የሚከታተል ሌላ ፕሮግራም አሠራ። ንባብ ብቻውን ሁሉን እንደማይደርስበት ከ1936 ጀምሮ ያውቅ ነበር።